ስለ ኢቺሮ ሱዙኪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሰው ባወራሁ ቁጥር የምጠየቀውን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢቺሮ ሱዙኪ ማነው?

ጃፓናዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። በ1973 ናጎያ ከተማ አጠገብ ባለችው ቶዮያማ ተወለደ። ከኃይሌ ገብረሥላሴ ጋር የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። በጃፓን ሊግ ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ። ከዚያ በአሜሪካው ሜጀር ሊግ 19 የውድድር ዘመን ቆየ። ጫማውን ሲሰቅል 45 ዓመቱ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በሲያትል ማሪነርስ ነው። ከእሱ በፊት እንደ ሂዴዮ ኖሞ ያሉ ጃፓናውያን ኳስ ወርዋሪዎች ሜጀር ሊግ ገብተው ስማቸውን አስጠርተዋል። በየቀኑ ተሰልፎ ኳስ የሚመታ ጃፓናዊ ግን ኢቺሮ የመጀመሪያው ነው። ያኔ ብዙ ሰው "ጃፓናዊ መቺ እዚህ አይሳካለትም" ይል ነበር። ዛሬ ያን የሚል የለም።

አውትፊልደር ምን ይሠራል?

በቤዝቦል አንዱ ቡድን ሲመታ ሌላው ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ አሰልፎ ይከላከላል። ከዘጠኙ ሦስቱ ከሁሉም ርቀው ሰፊው ሣር ላይ ይቆማሉ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በመሃል፣ አንዱ በቀኝ። አውትፊልደር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሥራቸው ርቆ የሚመጣውን ኳስ ሮጦ በጓንት መያዝ ነው። መያዝ ካልተቻለ ደግሞ ቶሎ አንስቶ ወደ ውስጥ መወርወር።

ኢቺሮ ለተወሰነ ጊዜ መሃል ላይ ተጫውቷል። ዋና ቦታው ግን ቀኝ ነበር። ቀኝ የሚቆም ሰው ክንዱ ጠንካራ መሆን አለበት። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ቤዝ (መቺው ሮጦ በተራ ከሚደርስባቸው ምልክቶች ሦስተኛው) ያለው ርቀት ረጅም ነውና። ተራው ደርሶ ሲመታ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። አውትፊልደር የሚመዘነው በሁለቱም ነው።

ሂት ምንድን ነው? ከአሥር ሦስቱን መምታት ለምን ትልቅ ነገር ይባላል?

መቺው ኳሱን መትቶ፣ ተከላካይ ሳይሳሳትለት፣ በራሱ ጥረት በሰላም ቤዝ ላይ ከደረሰ ሂት ይባላል። ቀላል ይመስላል። ወርዋሪው የሚቆመው 18 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ኳሱ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ነው ልምታ ወይስ ልለፍ ብሎ መወሰን።

ለዚህ ነው ከአሥር ሙከራ ሦስቱ ሂት የሆነለት ሰው ኮከብ የሚባለው። ሰባቱን የሳተ ሰው ይጨበጨብለታል። ኢቺሮ አሜሪካ ውስጥ በ19 ዓመት አማካዩ ከ1,000 ሙከራ 311 ነው። ጃፓን ውስጥ 353 ነበር።

ልጅ እያለ ያሠለጠነው አባቱ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። አባቱ ኖቡዩኪ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ይወስደው ነበር። ውርወራ፣ መያዝ፣ መምታት፣ ከዚያ እንደገና ማሽን ፊት ቆሞ መምታት። ልጁ በተፈጥሮው ቀኝ እጁን የሚጠቀም ነው። በግራ እንዲመታ ተደረገ። በግራ የሚመታ ሰው ወደ መጀመሪያው ቤዝ አንድ እርምጃ ይቀርባል። ያቺ አንድ እርምጃ ኋላ ላይ ስንት መቶ ሂት እንዳመጣች ታያላችሁ።

ስድስተኛ ክፍል እያለ ስለ ሕልሙ ድርሰት ጽፏል። አንደኛ ደረጃ ፕሮፌሽናል ተጫዋች መሆን እፈልጋለሁ ይላል። ከዓመቱ 365 ቀን 360ውን ጠንክሬ እለማመዳለሁም ይላል። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተደነቅሁ፣ ከዚያ ከበደኝ። አድጎ ራሱ እንደተናገረው ልምምዱ ከልክ ያለፈና ብዙ ያሠቃየው ነበር። ልጆቻቸውን ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ለማድረግ ለሚያስቡ ወላጆች ሁለቱንም አብሬ እነግራቸዋለሁ። ድርሰቱን ብቻ አውርቶ ሥቃዩን መተው ትክክል አይመስለኝም።

ለምን "ሱዙኪ" አይባልም?

ለእኛ ሰው በራሱ ስም መጠራቱ ምንም አይገርምም። ጃፓን ውስጥ ግን ተጫዋች ማሊያው ላይ የሚጻፈው የቤተሰቡ ስም ነው። ሱዙኪ ደግሞ እዚያ አገር ከሁሉም በላይ ከበዙት ስሞች አንዱ ነው። በ1994 የጃፓን ቡድኑ የኦሪክስ ብሉዌቭ አሠልጣኝ አኪራ ኦጊ "ከብዙ ሱዙኪዎች መሃል ይህ ይለይ" ብለው ማሊያው ላይ "ኢቺሮ" አስጻፉ። ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ ብዙም አይታወቅም።

ኢቺሮ የሚለው ስም ሲሰማ የበኩር ልጅ ይመስላል። እሱ ግን ሁለተኛ ልጅ ነው።

አሜሪካ ከመሄዱ በፊት ምን ሠራ?

በ1991 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ ሲመርጡ ኦሪክስ የወሰደው በአራተኛው ዙር ነው። ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር፣ ሰውነቱ ቀጭን። አመታቱ እንግዳ ነበር። የፊት እግሩን እንደ ፔንዱለም እያወዛወዘ ይመታል። የመጀመሪያው አሠልጣኙ አልወደዱለትም፣ ወደ ሁለተኛው ቡድን ይመልሱት ነበር። ኦጊ ሲመጡ "እንደፈለግህ ምታ" አሉት። በዚያው ዓመት በ130 ጨዋታ 210 ሂት መታ። በጃፓን ሊግ ታሪክ 200 የደረሰ ከእሱ በፊት አልነበረም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 2000 ድረስ ሰባት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ምርጥ መቺ እሱ ሆነ።

1995ን ለብቻ ማንሳት አለብኝ። ጃንዋሪ 17 ንጋት ላይ የቡድኑን ከተማ ኮቤን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። ተጫዋቾቹ ማሊያቸው ላይ "ጋንባሮ ኮቤ" የሚል ጽሑፍ ለጠፉ፤ "ኮቤ፣ እንበርታ" እንደማለት ነው። በዚያው ዓመት ሊጋቸውን አሸነፉ። በ1996 ደግሞ ዮሚዩሪ ጃያንትስን ረትተው የጃፓን ሻምፒዮን ሆኑ። የኮቤ ሰው ኢቺሮን የሚወደው በቁጥሩ ብቻ አይደለም።

ሲያትል እንዴት ገባ?

ጃፓን ውስጥ ውሉን ያልጨረሰ ተጫዋች አሜሪካ እንዲሄድ ቡድኑ መፍቀድ ነበረበት። ያኔ የአሜሪካ ቡድኖች ከተጫዋቹ ጋር ለመደራደር ብቻ ጨረታ ይገቡ ነበር። በ2000 መጨረሻ ማሪነርስ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አቅርቦ አሸነፈ። ያ ገንዘብ ለኦሪክስ ነው። ለኢቺሮ ደግሞ የሦስት ዓመት ውል፣ 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ።

ማሊያው 51 ቁጥር ነበር። ሲያትል ውስጥ ከእሱ በፊት 51ን የለበሰው ታላቁ ወርዋሪ ራንዲ ጆንሰን ነው። ኢቺሮ ቁጥሩን እንደማያሳፍር መልእክት ላከለት።

በመጀመሪያው ዓመት ምን ተፈጠረ?

ማሪነርስ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሦስት ትልልቅ ኮከቦቹን አጥቶ ነበር። ጆንሰን፣ ኬን ግሪፊ ጁኒየር፣ አሌክስ ሮድሪጌዝ። ደጋፊው አዝኗል። በዚህ መሃል ኢቺሮ መጣ። በ2001 242 ሂት መታ፣ 56 ቤዝ ሰረቀ። ቤዝ መስረቅ ማለት ወርዋሪው ሳያስበው ሮጦ ወደ ቀጣዩ ቤዝ መድረስ ነው። ቡድኑ 116 ጨዋታ አሸነፈ። ይህ ቺካጎ ካብስ በ1906 ካስመዘገበው ክብረ ወሰን ጋር እኩል ነው።

በአንድ ዓመት የአሜሪካን ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ከእሱ በፊት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፍሬድ ሊን፣ በ1975። እርግጥ "27 ዓመቱ ነው፣ ሰባት ጊዜ የጃፓን ምርጥ መቺ የሆነ ሰው እንዴት አዲስ ይባላል?" የሚሉ ነበሩ። ጥያቄያቸው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንቡ ግን ይፈቅድ ነበር።

ሁሉም የሚያወራለት ያ ውርወራ ምንድን ነው?

ኤፕሪል 11 ቀን 2001፣ ኦክላንድ። ኢቺሮ በሜጀር ሊግ መጫወት ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። የኦክላንዱ ቴሬንስ ሎንግ መጀመሪያው ቤዝ ላይ ነው። ኳስ ወደ ቀኝ ሜዳ ተመታች። ሎንግ ሁለተኛውን አልፎ ወደ ሦስተኛው ገሰገሰ። ማንም ሯጭ ያን ያደርጋል፣ አደጋ የለውም።

ኢቺሮ ኳሷን አነሳና ለቀቃት። መሬት ሳትነካ፣ ከፍ ሳትል፣ ቀጥ ብላ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ባለው ተከላካይ ጓንት ውስጥ ገባች። ሎንግ ገና እየተንሸራተተ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሯጮች ኳስ ወደ ቀኝ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ማሰብ ጀመሩ። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። ቤዝቦል ባይገባችሁም ይገባችኋል።

ሆም ራን ለምን አይመታም ነበር?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ሆም ራን ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ መጣል ነው። ኢቺሮ በሜጀር ሊግ 117 ብቻ አለው። የገባበትን ዘመን አስቡ። በዚያው በ2001 ባሪ ቦንድስ በአንድ ዓመት 73 መታ። ሁሉም ሰው ጡንቻና ርቀት ነበር የሚያወራው።

እሱ ሌላ መንገድ ያዘ። ኳሷን ተከላካይ ወደሌለበት ቦታ መላክ፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ መሬት ላይ ማንከባለል፣ ከዚያ መሮጥ። ሲመታ ሰውነቱ ቀድሞ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል። ከልጅነቱ ጀምሮ በግራ የመታው ለዚህ ነው። ተከላካዩ ኳሷን አንስቶ እስኪወረውር እሱ 27 ሜትሯን ጨርሷል። በልምምድ ሰዓት ግን ኳሶችን በተከታታይ ከአጥር ውጭ ሲጥል ያዩት ብዙዎች ናቸው። ኃይሉ ነበረው። ለቡድኑ የሚበጀው ቤዝ ላይ መገኘቱ ነው ብሎ ነው የመረጠው። እኔ እንዲያውም እሱን የምወደው ለዚህ ነው።

262 የሚባለው ቁጥር ምንድን ነው?

በአንድ የውድድር ዘመን የተመቱ ሂቶች ክብረ ወሰን ነው። በ1920 ጆርጅ ሲስለር 257 መትቶ ነበር። 84 ዓመት ማንም አልነካውም። ኦክቶበር 1 ቀን 2004 ሲያትል ውስጥ ኢቺሮ አለፈው፣ ዓመቱንም በ262 ጨረሰ። ያን ቀን የሲስለር ልጅ ስታዲየሙ ውስጥ ነበሩ። ኢቺሮ ወደ መቀመጫቸው ሄዶ ጨበጣቸው። በ2009 ደግሞ ሴንት ሉዊስ አካባቢ የሲስለርን መቃብር ፈልጎ አበባ አኖረ። ክብረ ወሰኑን የወሰደበትን ሰው እንዲህ ያከበረ ስፖርተኛ ብዙ አላየሁም።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። ሲስለር የመታው በ154 ጨዋታ ነው፣ ኢቺሮ በ161። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ወርልድ ሲሪስ አሸንፏል?

አላሸነፈም። አንድም ቀን በሜጀር ሊግ ፍጻሜ፣ በወርልድ ሲሪስ ላይ አልተጫወተም። በ2001 ማሪነርስን የኒውዮርኩ ያንኪስ ከፍጻሜው በፊት አስወጣው። በጁላይ 2012 እሱ ራሱ ወደ ያንኪስ ተዛወረ። ዝውውሩ በተሰማበት ምሽት ያንኪስ ሲያትል ውስጥ ከማሪነርስ ጋር ነበር የሚጫወተው። ስለዚህ የተዛወረው ከአንዱ መልበሻ ክፍል ወደ ሌላው ነው። ደጋፊው ቆሞ አጨበጨበለት፣ እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በመጀመሪያ ተራው ሂት መታ፣ ሁለተኛውን ቤዝም ሰረቀ። በዚያው ዓመት ያንኪስን ዲትሮይት ከወርልድ ሲሪስ አንድ እርምጃ ሲቀረው አስቀረው።

ከጃፓን ብሔራዊ ቡድን ጋር ግን በ2006 እና በ2009 የዓለም ቤዝቦል ክላሲክን አሸንፏል። በ2009ኙ ፍጻሜ፣ ከደቡብ ኮሪያ ጋር፣ በተጨማሪው ዙር ሁለት ነጥብ ያመጣችውን ኳስ የመታው እሱ ነው።

እስከ 45 ዓመቱ እንዴት ቻለ?

በጥንቃቄ። ጨዋታ ላይ በቴሌቪዥን ያየው ሰው ሁልጊዜ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነው የሚያስታውሰው። ባቶቹን፣ ማለትም የሚመታባቸውን ዱላዎች፣ እርጥበት እንዳይነካቸው በተለየ ሣጥን ይይዛቸው ነበር። ጓንቱን ራሱ ያጸዳ ነበር። ከ2001 እስከ 2010 አሥር ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ ከ200 በላይ ሂት የመታው እንዲህ እየኖረ ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት በየዓመቱ ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠውን የወርቅ ጓንትም ወስዷል።

ከያንኪስ በኋላ ማያሚ ማርሊንስ ገባ። በኦገስት 2016 በሜጀር ሊግ 3,000ኛ ሂቱን መታ። በ2018 ወደ ሲያትል ተመለሰ። ማርች 21 ቀን 2019 ቶኪዮ ውስጥ የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ። ያን ቀን አንድም ሂት አላገኘም። በስምንተኛው ዙር ሲወጣ የቡድን ጓደኞቹ አንድ በአንድ አቀፉት። የዚያ ቀን ወርዋሪ ወጣቱ ዩሴይ ኪኩቺ ትከሻው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ አልሄድም ብሎ ጠበቀው። ወጥቶ ሜዳውን ዞረ።

በዝና ማዕከል ምርጫ አንድ ድምፅ የጎደለው ለምንድን ነው?

በጃንዋሪ 2025 ድምፅ ከሰጡት 394 ጋዜጠኞች 393ቱ መረጡት። የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ ወደሆነው ማዕከል ለመግባት 75 በመቶ ይበቃል። ስለዚህ በሰፊው አልፏል። ከእስያ የተወለደ ተጫዋች ሲገባ የመጀመሪያው ነው። አንዱ ለምን እንዳልመረጠው በይፋ አልተናገረም። ድምፅ ሰጪዎች ስማቸውን የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም። መቶ በመቶ ያገኘው እስካሁን ማሪያኖ ሪቬራ ብቻ ነው።

ኢቺሮ ራሱ አልተቀየመም። ሰውዬውን ቤቴ ጠርቼ አብሬው ብጠጣ ደስ ይለኛል አለ። በጁላይ ማዕከሉ ባለበት ኩፐርስታውን በተደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ ግን "ግብዣው ጊዜው አልፎበታል" ሲል ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። ንግግሩን ያደረገው በእንግሊዝኛ ነው። ለዓመታት ለጋዜጠኞች በአስተርጓሚ ሲመልስ የኖረ ሰው! በሁለተኛ ቋንቋ መድረክ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ስደተኛ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በኦገስት 2025 ማሪነርስ 51 ቁጥሩን ከአገልግሎት አወጣለት። ከሬኒየር ቫሊ ቀላል ባቡር የምትሳፈሩ የሲያትል አበሾች ስታዲየም ፌርማታ ወርዳችሁ ቁጥሩን ማየት ትችላላችሁ።

ታዲያ በዓለም ብዙ ሂት የመታው እሱ ነው ወይስ ፒት ሮዝ?

ከሁሉም የሚያከራክረው ይህ ነው። የሜጀር ሊግ ክብረ ወሰን የፒት ሮዝ ነው፤ 4,256። ኢቺሮ በሜጀር ሊግ 3,089 አለው። ጃፓን ውስጥ የመታው 1,278 ሲደመር 4,367 ይሆናል። ሜጀር ሊግ ሁለቱን አይደምርም። ስለዚህ በሰነድ ደረጃ መልሱ ሮዝ ነው፣ አለቀ።

ሮዝ በሕይወት ሳለ ድምሩን አልተቀበለውም። የጃፓን ሊግ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው የሚለው መከራከሪያ ሚዛን አለው። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን አስቡ። ጃፓን ውስጥ በ1994 የነበረው 130 ጨዋታ ነው፣ አሜሪካ 162። ኢቺሮ በየዓመቱ በትንሽ ጨዋታ ነው ያጠራቀመው። ሜጀር ሊግ የገባው በ27 ዓመቱ ነው፤ ሮዝ 22 ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት። አሜሪካ እንደደረሰ በዓመት 242 የመታ ሰው ከዚያ በፊት የነበሩት አምስት ዓመታት ባዶ አይሆኑለትም ነበር። የሲስለርን 154 ጨዋታ ያነሣሁት ለዚህ ነው። የጨዋታ ብዛት ለኢቺሮ የሚያደላበት ቦታ አለ፣ የሚጎዳበትም ቦታ አለ። አንዱን ቆጥሮ ሌላውን መተው አይሆንም። የእኔ አስተያየት ሁለቱን ቁጥር ሳይደምሩ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። 3,089ን ከ27 ዓመቱ በኋላ ብቻ መምታት ለብቻው በቂ ነው።

ከሮዝ ጋር በድምር እኩል የሆነበትን ሂት ጁን 15 ቀን 2016 ሳንዲያጎ ላይ ነው የመታው። 42 ዓመቱ ነበር። ኳሷ ርቃ አልሄደችም፣ መቺው ከቆመበት ጥቂት ሜትር ተንከባላ ቀረች። ተከላካዩ ሮጦ አነሣትና ወረወራት። ኢቺሮ ግን ቤዙን አልፎ ነበር።